ሆድን ማጠብ ኩላሊትን ያድናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ዕድሜዬ 34 ዓመት ነው። ባለፈው ጥር ጉሮሮዬን በታመምኩ በማግስቱ ሽንቴ የሥጋ እጣቢ መሰለ። በሦስተኛው ቀን ጠራልኝ፤ ምርመራው ግን በሽንቴ ፕሮቲን እየወጣ መሆኑን አሳየ። ከኩላሊቴ ናሙና ተወስዶ «አይጂኤ ኔፍሮፓቲ» ነው ተባልኩ። በ24 ሰዓት ሽንቴ 1.4 ግራም ፕሮቲን አለ፤ ክሬቲኒኔ 1.0 ነው። ሎሳርታን የተባለውን የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። በሽታው ከአንጀት ባክቴሪያ ጋር ግንኙነት እንዳለው ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እናቴ ከጎንደር «ሆድሽን እጠቢው፤ ሁሉም ከዚያ ነው» ብላ ኮሶና የደረቀ ቅጠል ልካልኛለች። ጓደኛዬ ፕሮባዮቲክ ገዝታ ሰጥታኛለች። ስንዴ የነካውን ሁሉ ተዪ የሚሉኝም አሉ። ሐኪሜ በበኩሏ አንጀት ውስጥ የሚሟሟ ስቴሮይድ ልትጀምርልኝ ነው። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ካገባሁም ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ መውለድ እፈልጋለሁ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የሐኪምዎን ይስሙ። ኮሶውን አይጠጡ፤ ቅጠሉንም አይቀቅሉ። የጓደኛዎን ብልቃጥ ከመክፈትዎ በፊት ደግሞ ከዚህ በታች የምጽፈውን ያንብቡ።

እናትዎ ነገሩ ከሆድ ነው ማለታቸው ግን መሠረት አለው። ባለፉት ዓመታት የዚህ በሽታ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ከኩላሊት አንሥተው ወደ አንጀት አዙረዋል፤ ያገኙትም ነገር ሕክምናውን ለውጦታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ እውነቱ በግማሹ ሲወራ ነው። «ከአንጀት ከሆነ አንጀቴን ላጽዳ» ብለው ደህና የነበረ ኩላሊታቸውን የጎዱ ሰዎች አሉና፣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልዎ።

በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1968 ፓሪስ ውስጥ ዣን በርዤና ኒኮል ኤንግሌ ናቸው። ከሕሙማን ኩላሊት የተወሰደውን ናሙና በብርሃን የሚያበራ ቀለም ነክተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ደም የሚጣራባቸው ጥቃቅን የደም ሥር ጥቅሎች መሐል አይጂኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ተከማችቶ አገኙት። እስከ ዛሬም የበሽታው ስም የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። ናሙናው በዚህ ቀለም ካልታየ አይጂኤ ኔፍሮፓቲ ነው ማለት አይቻልም፤ ታማሚው «ኩላሊትህ ተቆጥቷል» ወይም «የደም ግፊት ነው» ተብሎ ይቀራል። እርስዎ የበሽታዎን ስም በጊዜ ማወቅዎ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ ይህ በሽታ በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ በብዛት፣ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ ደግሞ በጥቂቱ ስለሚታይ፣ የኛን መልክ ያየ ሐኪም ቶሎ አያስበውም። የእርስዎ ሐኪም ግን አስባበታለች።

አይጂኤ ጠላት አይደለም። ሰውነታችን ከሌሎቹ ፀረ እንግዳ አካላት ሁሉ አብልጦ የሚሠራው እሱን ነው፤ አብዛኛው የሚሠራውም በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። አንጀት ውስጥ ከእኛ ጋር የሚኖረው የባክቴሪያ ብዛት በትሪሊዮን የሚቆጠር ነው። ግድግዳውን አልፎ ወደ ደም እንዳይገባ፣ እኛም ሳያስፈልግ እንዳንዋጋው፣ መሐል ቆሞ የሚጠብቀው አይጂኤ ነው። የቀጭን አንጀት መጨረሻ ላይ በተለይ የፔየር ጥቅሎች የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት መንደሮች አሉ። በአንጀት የሚያልፈውን ባክቴሪያና ምግብ እየቀመሱ የትኛው አይጂኤ ይሠራ የሚለውን የሚወስኑት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ይህን ቦታ ያስታውሱት፤ ሐኪምዎ ልትሰጥዎ ያሰበችው መድኃኒት የሚሟሟው እዚያው ነው።

በእርስዎ በሽታ የሚበላሸው የአይጂኤ አንድ ክፍል ነው። አይጂኤ 1 የሚባለው ዓይነት ወገቡ ላይ የስኳር ሰንሰለቶች አሉት። በአይጂኤ ኔፍሮፓቲ ከሰንሰለቱ ጋላክቶስ የተባለው ስኳር ይጎድላል። የጎደለበት አይጂኤ ደም ውስጥ ሲዘዋወር የመከላከያ ሥርዓቱ «ይህ ባዕድ ነው» ብሎ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። ሁለቱ ተጣብቀው ይገዝፉና ወንፊት ላይ እንደሚቀር ግርድ ኩላሊት ማጣሪያ ውስጥ ይቀራሉ። እዚያ የተከማቸው ነገር ኮምፕሊመንት የሚባለውን የመከላከያ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ ማጣሪያው ይቆጣል፤ ደምና ፕሮቲን ወደ ሽንት ያልፋል፤ ዓመታት ሲያልፉም ጠባሳ ይሠራል። ጉሮሮዎን በታመሙ በማግስቱ ሽንትዎ የቀላው ለዚህ ነው። ጉሮሮና አንጀት በአንድ ዓይነት ሽፋን የተሸፈኑ፣ በአይጂኤ የሚጠበቁ በሮች ናቸው፤ አንዱ ሲነካ የአይጂኤ ሥራ ይጨምራል። ተቅማጥ የያዘውም ሰው እንዲሁ ሽንቱ ሲቀላ ይታያል። ከስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው ሌላው የኩላሊት መቆጣት ግን አንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው። የእርስዎ አንድ ቀን ብቻ መቆየቱ ለሐኪምዎ ብዙ ነግሯታል።

አሁን ወደ ባክቴሪያው ልምጣ። አንጀት በዚህ በሽታ ውስጥ እጁ እንዳለበት ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ከዘር ጥናት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ20,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጡ የዘረ መል ቦታዎችን ሲለይ፣ ብዙዎቹ አንጀትን ከጀርም የሚጠብቁ ወይም በሌላ በኩል ከአንጀት ቁስለት በሽታዎች ጋር የሚዛመዱ ሆነው ተገኙ። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ እነዚህ የዘር ልዩነቶች ጎልተው የሚታዩት የአንጀት ትል ዓይነት በሚበዛባቸው አካባቢዎች የኖሩ ሕዝቦች ላይ መሆኑ ነው። አያቶችን ከትልና ከጀርም ያዳነ ጠንካራ የአንጀት መከላከያ፣ ዛሬ ለልጅ ልጆች የኩላሊት ዕዳ ሆኖ ተላልፏል ማለት ነው። እኔ ይህን ግኝት ለሕሙማን የማነሣው አንድ ነገር ከትከሻቸው እንዲወርድ ነው፤ በሽታው በልተው ወይም ጠጥተው ያመጡት ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአይጦች ነው። በሽታው እንዲይዛቸው ተደርገው የተዳቀሉ አይጦች አንጀታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ሲጠፋ ኩላሊታቸው ላይ አይጂኤ አይከማችም። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2024 ከፓሪስ የታተመ ሲሆን፣ የጓደኛዎ ስጦታ ከዚህ ጋር ይገናኛል። አከርማንሲያ ሙሲኒፊላ የሚባል ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አንጀት ይኖራል፤ ምግቡ የአንጀት ንፍጥ ነው። ንፍጡ በስኳር የተሸፈነ ስለሆነ ባክቴሪያው ስኳር የሚገፍፉ ኢንዛይሞች አሉት። ተመራማሪዎቹ ያዩት፣ እነዚሁ ኢንዛይሞች የአይጂኤ 1ንም ስኳር እንደሚገፍፉ ነው። የተገፈፈው አይጂኤም አይጦች ውስጥ ከአንጀት ወደ ደም ተመልሶ ኩላሊት ላይ ሲቀመጥ ታየ።

ይኸው ባክቴሪያ በሌላ ወገን የተመሰገነ ነው። ቤልጂየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ አነስተኛ ጥናት፣ በሙቀት የተገደለው አከርማንሲያ ከመጠን በላይ ውፍረት ያላቸውን ሰዎች ኢንሱሊን የተሻለ እንዲሠራ አድርጎ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በብልቃጥ ታሽጎ በ«ጠቃሚ ባክቴሪያ» ስም ይሸጣል። ስለዚህ ጓደኛዎ የገዙልዎትን ብልቃጥ ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ። አከርማንሲያ የሚል ስም ካለበት እርስዎ አይውሰዱት። የሰው ኩላሊት እንደሚጎዳ ተረጋግጦ አይደለም፤ ነገር ግን ምንም ጥቅም ለማያስገኝልዎት ነገር እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ለምን ይሸከማሉ? ሌላ ዓይነት ከሆነም ለአይጂኤ ኔፍሮፓቲ ይበጃል ተብሎ በሕክምና መመሪያ የገባ ፕሮባዮቲክ የለም፤ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። ባክቴሪያን «ጥሩ» እና «መጥፎ» ብሎ መክፈል ለማስታወቂያ ይመቻል። አንዱን የጠቀመ ሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል ይህ አንድ ፍጥረት በቂ ምስክር ነው።

«እንግዲያው አንቲባዮቲክ ወስጄ ሁሉንም ላጥፋ» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ይሆናል፤ ብዙዎች ይጠይቁኛል። በአይጥ የሠራው በሰው አልተረጋገጠም። አንቲባዮቲክ ያራቆተው አንጀት ለከባድ ተቅማጥ ይጋለጣል፤ ባክቴሪያዎቹም መድኃኒት የማይበግራቸው ሆነው ይመለሳሉ። ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ዓይነ ምድር ወደ ታማሚ አንጀት ማስገባትም ቻይና ውስጥ በሁለት የአይጂኤ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ የሽንት ፕሮቲናቸው እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘግቧል። በሁለት ሰው ብቻ ሕክምና አይመሠረትም።

ኮሶን በተመለከተ በግልጽ መናገር አለብኝ። ኮሶ የሆድ ትልን በማስወጣት የታወቀ ነው፤ አያቶቻችን በእሱ ተጠቅመዋል። የእርስዎ በሽታ ግን ትል አይደለም። ኮሶ የሚያስቀምጥና የሚያስታውክ መድኃኒት ነው። ሎሳርታን የሚወስድ ሰው አብዝቶ ሲያስቀምጠውና ሰውነቱ ሲደርቅ የኩላሊቱ የደም ግፊት ይወድቃል፤ የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው ክሬቲኒን በቀናት ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። የቅጠሉ ነገር ደግሞ የባሰ ያሳስበኛል፤ ምን እንደሆነ ስሙን አልነገሩኝምና። እ.ኤ.አ. በ1993 ብራስልስ ውስጥ ለመክሳት ብለው የዕፅዋት እንክብል የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት እንደወደመ ተዘገበ። ውስጡ አሪስቶሎኪያ የተባለ መርዘኛ ተክል በስሕተት ገብቶ ነበር፤ ተጎጂዎቹም ቆይተው ከመቶ በላይ ሆኑ። እነዚያ ሴቶች ሲጀምሩ ኩላሊታቸው ጤነኛ ነበር። እናትዎን ቅር እንዳያሰኙ «ሐኪሜ ከሆድ የሚጀምር መድኃኒት ሰጠችኝ» ይበሏቸው፤ እውነት ነውና።

ያ መድኃኒት ቡደሶናይድ ይባላል። ስቴሮይድ ነው፤ ሽፋኑ ግን በጨጓራ አልፎ የቀጭን አንጀት መጨረሻ ሲደርስ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቅድም ያስታውሱት ባልኩዎት ቦታ ማለት ነው። እዚያ ያሉትን የአይጂኤ ሠሪ ሕዋሳት ያረጋጋል። ከአንጀት ተመጥጦ ጉበት ሲደርስ ደግሞ 90 በመቶ ገደማው ይፈርሳል፤ ስለዚህ እንደ ሌላው ስቴሮይድ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን፣ መላ ሰውነትን አያጥለቀልቅም። በቀን 16 ሚሊግራም ለዘጠኝ ወር ይወሰዳል። በ364 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ የወሰዱት ሰዎች የሽንት ፕሮቲናቸው ቀነሰ፤ መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላም ሁለት ዓመት እስኪሞላ በተደረገው ክትትል ኩላሊታቸው ካልወሰዱት በተሻለ ሁኔታ ቆየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021፣ ከዚያም በሙሉ ፈቃድ በታኅሣሥ 2023 አጽድቆታል። ስለ አንጀትና ኩላሊት ከተነገረው ሁሉ እጅ ላይ የሚጨበጥ ፍሬ ያፈራው ይህ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ግን ለሐኪምዎ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ማደግዎን ይንገሯት፤ እዚያ ስንት ዓመት እንደኖሩም ጭምር። ስቴሮይድ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሊያነቃ ይችላል፤ ለዚህ የደም ምርመራ አለ። የሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ይመርመሩ። ሦስተኛው ብዙ የአሜሪካ ሐኪሞች የማያስቡት ነው፤ ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትል በባዶ እግር ከተረገጠ አፈር ገብቶ ያለ ምንም ምልክት ለአሥርት ዓመታት አንጀት ውስጥ ይኖራል። ስቴሮይድ ሲያገኝ ተራብቶ ወደ ሳንባና ወደ ደም ይሰራጫል፤ ይገድላልም። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በአይቨርሜክቲን ይታከማል። በልጅነትዎ ገጠር ከነበሩ ይህን ሳያስመረምሩ አይጀምሩ። ሲወስዱት እግርዎ ሊያብጥ፣ ግፊትዎ ሊጨምር፣ ብጉር ሊወጣብዎት ይችላል፤ የግሬፕፍሩት ጭማቂም ከመድኃኒቱ ጋር አይሄድም።

ስቴሮይዱ የሚሠራው አንጀት ላይ ነው፤ የተጎዳውን ማጣሪያ ከጫና የሚያሳርፉት ግን ሌሎች ናቸው። ሎሳርታኑን ሳያጓድሉ ይውሰዱ። ዳፓግሊፍሎዚን የሚባለው መጀመሪያ ለስኳር ሕመም የወጣ መድኃኒት፣ ስኳር የሌለባቸውን የአይጂኤ ሕሙማን ኩላሊትም እንደሚጠብቅ ታይቷል፤ ሐኪምዎን ይጠይቋት። ግፊትዎን ቤት እየለኩ የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን፣ የሽንት ፕሮቲንዎም ቢያንስ ከ0.5 ግራም በታች እንዲወርድ ይጣጣሩ። ድሮ ከ1 ግራም በታች ከሆነ አይጨነቁ እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከብሪታንያ የሕሙማን መዝገብ የወጣው ጥናት ግን፣ ከዚያ በታች የነበሩ ሰዎችም ዓመታት ሲያልፉ ጥቂት የማይባሉት ኩላሊታቸው እንደደከመ አሳይቷል። ለራስ ምታትም ሆነ ለወር አበባ ሕመም አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ።

ስለ ምግብ የጠየቁኝን ባጭሩ እመልሳለሁ። ስንዴ መተው አያስፈልግዎትም። ከግሉተን የራቁ አይጦች ኩላሊታቸው ቢሻላቸውም፣ ቀደም ሲል ጣሊያን ውስጥ ከግሉተን የራቁ ሕሙማን ደማቸው ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ቀንሶ የኩላሊታቸው መድከም ግን አልቆመም። የሴሊያክ በሽታ ያለበት ሰው ብቻ ይተዋል፤ ያንን የሚለይ የደም ምርመራ አለ። የእንጀራን እርሾ እንደ ፕሮባዮቲክ የሚቆጥሩም አሉ፤ በሊጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ምጣድ ላይ ይሞታሉ። እንጀራ የሚጠቅመው በአሰሩ ነው። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ውስጥ ያለው አሰር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያደርጉታል፤ እሱም የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብና የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያረጋጋ ነው። በዚህ ረገድ የጾም ገበታችን ከአሜሪካው የተቀነባበረ ምግብ እጅግ ይሻላል።

ገበታችንን የሚያበላሸው ጨው ነው። በቀን በድምሩ ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፉ። በርበሬውና ሽሮው ከጨው ጋር ተዘጋጅቶ ከሆነ የተላከልዎት፣ ወጥ ሲሠሩ ሌላ አይጨምሩ። አሜሪካ ውስጥ እንጀራ ብዙ ጊዜ ጨውና ቤኪንግ ፓውደር በተቀላቀለበት ዱቄት ይጋገራል፤ ከሱቅ ሲገዙ ከምን እንደተጋገረ ይጠይቁ። ሳይበሉና ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትን በተመለከተ፣ ዳፓግሊፍሎዚን ከተጀመረልዎት ጾሙን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ መድኃኒቱን አይቀጥሉ፤ ረጅም ጾም ከእሱ ጋር ደምን አሲዳማ ሊያደርግ ይችላል። ውኃ ለመጠጣት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደምታዝን እርስዎም ያውቃሉ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘዎት ቀን ሎሳርታኑንም ዳፓግሊፍሎዚኑንም ለጊዜው ስለማቆም ወዲያው ለሐኪምዎ ይደውሉ።

የልጅ ነገር። ክሬቲኒንዎ 1.0 ስለሆነ ተስፋዎ ጥሩ ነው፤ ኩላሊታቸው በዚህ ደረጃ የሚሠራ አብዛኞቹ ሴቶች በሰላም ይወልዳሉ። የሚያሰጋው ፕሮቲኑ ሳይቀንስ፣ ግፊቱም ሳይገራ ማርገዝ ነው። ስለዚህ የዘጠኝ ወሩን ሕክምና መጀመሪያ ይጨርሱ፤ እስከዚያ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ። ሎሳርታን ከሦስተኛው ወር በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል፤ ዳፓግሊፍሎዚንም በእርግዝና አይወሰድም። በራስዎ ግን አያቋርጧቸው፤ ለማርገዝ ሲወስኑ ሐኪምዎ ሎሳርታኑን መቼ እንደምታቆም ትወስናለች፣ ግፊቱንም በላቤታሎል ወይም በኒፈዲፒን ትይዛለች። ካረገዙ በኋላ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪንም አለ፤ የእርግዝና ደም ግፊትን አደጋ ይቀንሳል። መውለድ እንደሚፈልጉ በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ቡደሶናይዱ ከመጀመሩ በፊት፣ ይንገሯት። ከዚያ በኋላ የምትመርጥልዎ መድኃኒት ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ስፓርሴንታንን የመሳሰሉ ፅንስ የሚጎዱ አዳዲስ መድኃኒቶችም ለዚሁ በሽታ መጥተዋልና።